ወለሉ ሳይነጠፍ የተከራየ ቤት፦ የአንድ ኮንዶሚኒየም የመጀመሪያ ኪራይ የጉዳይ ጥናት

ቤቱ አዲስ አበባ፣ ቦሌ አራብሳ ነው፤ ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ ከ20/80 ብሎኮች በአንዱ ላይ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ባለ ሁለት መኝታ። ከእሱ በላይ ጣሪያ ብቻ ነው ያለው፤ ሊፍት የለም። አከራይዋ ወደ ዱባይ ከመሄዷ በፊት ተመዝግባ፣ እዚያ ሆና ስትቆጥብ ቆይታ እጣ የደረሳት ሴት ናት። ቁልፉን በውክልና የተረከበላት ታናሽ ወንድሟ ነው። ተከራዮቹ አንድ ሕፃን ያላቸው ባልና ሚስት ሲሆኑ እሷ ጤና ጣቢያ፣ እሱ ማተሚያ ቤት ይሠራሉ። ሁሉንም አውቃቸዋለሁ። ውሉ ሲረቀቅ አብሬያቸው ተቀምጫለሁ፤ በኋላ ጭቅጭቅ ሲነሳም ተጠርቻለሁ። ስማቸውንና የብሎኩን ቁጥር የማልጽፈው እነሱ ስላልፈለጉ ነው። ነገሩ እንዲጻፍ ግን ሁለቱም ወገኖች ተስማምተዋል።

ይህን ጉዳይ የመረጥኩት ብዙ ሰው ላይ የሚደርስ በመሆኑ ነው። የ20/80 ባለ ዕድል የቤቱን ዋጋ 20 በመቶ ቆጥቦ፣ 80 በመቶውን ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በብድር ሸፍኖ ቁልፍ ሲረከብ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚረከበው ፊኒሺንጉ ያልተሠራ ቤት ነው። የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም በአንድ ቀን ብቻ በ20/80 32,653፣ 40 በመቶ በሚቆጠብበት በ40/60 ደግሞ 18,576፣ በድምሩ 51,229 ቤቶች እጣ ወጥቶባቸው ነበር። እንዲህ ያለ ብዛት ያለው ቤት ሲተላለፍ፣ ቅድመ ክፍያውን አሟጦ ከከፈለ በኋላ ሴራሚክ የሚገዛበት ገንዘብ የሚተርፈው ባለቤት ጥቂት ነው። ብድሩ በየወሩ ይቆጥራል፣ ባዶው ቤት ደግሞ ምንም አያስገባም። በሌላ በኩል መሀል ከተማ ኪራይ የከበደበት ቤተሰብ አለ። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ሐሳብ በየኮንዶሚኒየሙ የታወቀ ነው፦ ተከራይ ይጨርሰው፣ ከኪራይ ይታሰብለት።

ሐሳቡ ጥሩ ነው። እኔ በግሌ እደግፈዋለሁ። አደጋው ያለው አጻጻፉ ላይ ነው።

ቤቱ እንዴት ነበር

የውጭ በርና መስኮት ነበረው። የውስጥ በር አንድም አልነበረም። ወለሉ ባዶ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው ልስን ብቻ፤ ስቱኮም ቀለምም አልነካውም። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ የቧንቧ መስመር ተዘርግቷል እንጂ መቀመጫም፣ የእጅ መታጠቢያም፣ ሻወርም የለም። ወጥ ቤቱ ውስጥ ከግድግዳ ብቅ ያለ የውኃ ጫፍና ሁለት ሶኬት አለ። ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ በመጣ ቀንም አራተኛ ፎቅ ለመድረስ ኃይል ያንሰዋል። ብሎኩ ላይ የገቡት ሰዎች ገና ጥቂት ስለነበሩ ማታ ደረጃው ጨለማ ነው፤ ቀን ደግሞ ከየቤቱ የሴራሚክ መቁረጫ ጩኸት ይሰማል።

ደላላው "አዲስ ነው፣ ማንም አልገባበትም" እያለ ነበር ያሳያቸው። የወንድምየው ዋጋ ደግሞ እንዲህ ነበር፦ ያለቀለት ተመሳሳይ ቤት በዚያን ጊዜ በሰፈሩ 12,000 ብር ይከራያል፤ "እኔ በ7,000 ልስጣችሁ፣ ፊኒሺንጉን እናንተ ጨርሱት፣ ሁለት ዓመት ማንም አይነካችሁም።"

ባልየው በዋጋው ተደስቶ እዚያው ሊጨባበጥ ነበር። ሚስቲቱ ናት "ቆይ፣ ሁለት ዓመቱ የት ላይ ነው የሚጻፈው?" ያለችው። የዚህ ሁሉ ነገር መልካም አካሄድ የጀመረው ከዚያ ጥያቄ ነው።

ሕጉ ለአዲስ ቤት ምን ይላል

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው መጋቢት 24 ቀን 2016 ዓ.ም ነው። ዋና ዋና ድንጋጌዎቹን አሁን ብዙ ሰው ያውቃቸዋል፦ ውሉ በጽሑፍ ይሆናል፤ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፤ ዘመኑ ከሁለት ዓመት አያንስም፤ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ክፍያው በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክ መንገድ ይፈጸማል፤ ጭማሪ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያሳውቀው ልክ ብቻ ይደረጋል። ስለዚህ ወንድምየው እንደ ስጦታ ያቀረበው "ሁለት ዓመት" ሕጉ አስቀድሞ የሰጠው ነው።

ለአዲስ ቤት ግን የተለየ ነገር አለ። አዲስ የተሠራ ወይም ከዚያ በፊት ተከራይቶ የማያውቅ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከራይ ዋጋው የሚወሰነው በሁለቱ ስምምነት ነው። ቁጥጥሩ የሚጀምረው ከዚያ ወዲያ ነው። ይህ ማለት የመጀመሪያው ውል ላይ የሰፈረው ቁጥር የቀጣዮቹ ዓመታት ጭማሪ መነሻ ይሆናል። አሮጌ ቤት የሚከራይ ሰው ቢያንስ የቀድሞውን ኪራይ ጠይቆ ማወዳደር ይችላል። አዲስ ቤት የሚከራይ ሰው ያንን መነሻ በገዛ እጁ ይጽፈዋል፤ አከራዩም እንዲሁ። ብዙዎች በውል ቀን የሚጨቃጨቁት ስለ ብሩ መጠን ነው። ብሩ ምን ተብሎ እንደሚጻፍ ግን ለደላላ ወይም ለፎቶ ኮፒ ቤት ልጅ ይተዋል፤ የተዘጋጀ ፎርም ይወጣል፣ ባዶው ቦታ ይሞላል፣ ያልቃል።

የ7,000 ብሩ ውል

ወንድምየው ያመጣው ረቂቅ አንድ ገጽ ነበር። ኪራይ 7,000 ብር፤ ዘመን ሁለት ዓመት፤ "ተከራይ ቤቱን አድሶ ይጠቀማል"። ስለ ሥራው ወጪ፣ ስለ መካካሻው አንድም ቃል የለም።

ባለሙያ ጠርተን ሥራውን አስገመትን። ለሳሎን፣ ለወጥ ቤትና ለመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ ከነሠራተኛው 52,000 ብር፤ አራት የውስጥ በር 24,000፤ ስቱኮና ቀለም 18,000፤ የመታጠቢያ ቤት ዕቃ 14,000፤ የኤሌክትሪክ ሥራ 12,000። ድምሩ 120,000 ብር መጣ። መኝታ ክፍሎቹን ተከራዮቹ በፕላስቲክ ምንጣፍ ለመሸፈን ስለወሰኑ እዚህ ውስጥ አልገቡም።

አሁን ስሌቱን እንየው። ያለቀለት ቤት 12,000 ነው፤ እነሱ የሚከፍሉት 7,000 ነው። ልዩነቱ በወር 5,000፣ በ24 ወር 120,000 ብር። ሒሳቡ ሁለቱ ዓመታት ሲያልቁ በትክክል ይዘጋል። ወንድምየው አላታለለም፤ ቁጥሩን በልቡ በደንብ ሠርቶታል። ችግሩ ስሌቱ የተቀመጠው ልቡ ውስጥ እንጂ ወረቀቱ ላይ አለመሆኑ ነው።

ስምንት ወር ከኖሩ በኋላ በሆነ ምክንያት ውሉ ቢፈርስስ? በወር 5,000 ሒሳብ የተመለሰላቸው 40,000 ብር ነው። ቀሪው 80,000 ብር ወለሉ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ፍርድ ቤት ቢሄዱ በእጃቸው ያለው ወረቀት የሚለው ቤቱ በ7,000 ብር መከራየቱንና ተከራይ "አድሶ" መጠቀሙን ነው። የቤቱ መሸጥ አላሳሰበኝም፤ የኮንዶሚኒየም ባለ ዕድል ቤቱን ለአምስት ዓመት ለሌላ በሽያጭ ማስተላለፍ ስለማይችል። ያሳሰበኝ አከራይዋ ድንገት ከዱባይ ተመልሳ ቤቷን ብትፈልግስ የሚለው ነው። ከዓረብ አገር የሚመለስ ሰው ብዙ ጊዜ ቀን ቆርጦ አይመለስም፤ ሥራው ሲያልቅ፣ ወረቀቱ ሲያልቅ፣ ወይም ጤና ሲጎድል ነው። ሕጉ ተከራይን ቢከላከልም፣ በራሷ ቤት ደጅ ላይ ሻንጣ ይዛ የቆመች ሴት ስትመጣ ነገሩ ከሕግ በላይ ይከብዳል።

አከራይዋም በዚያ ውል ትጎዳ ነበር፤ ወንድምየው ያላየው ይህን ነው። መነሻው 7,000 ተብሎ ከተመዘገበ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ሴራሚክ የተነጠፈ፣ በር የተገጠመ፣ ቀለም የተቀባ ቤት ይዛ ጭማሪ የምትጠይቀው በ7,000 ላይ ነው። 12,000 አወጣለሁ ያለችው ቤት በወረቀት የባዶ ቤት ዋጋ እንደያዘ ይቀራል። ሁለቱንም ወገን በተለያየ ጊዜ የሚጎዳ ውል ነበር፦ ተከራዩን ከመጨረሻው ቀን በፊት፣ አከራይዋን ከመጨረሻው ቀን በኋላ።

ወንድምየው በ7,000 የጸናበት ሌላ ምክንያት ነበረው፤ የኪራይ ገቢ ግብር። "ያልተቀበልኩትን ብር ግብር ልክፈልበት እንዴ?" አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው፣ ላቃልለው አልፈልግም። ግን 5,000ው ያልተቀበለው ገንዘብ አይደለም። በየወሩ በሴራሚክ፣ በበርና በቀለም መልክ የእህቱ ቤት ውስጥ እየገባ ያለ ዋጋ ነው። ደግሞም አንድ ቁጥር ለመንግሥት፣ ሌላ ቁጥር በቃል የሚባለው አሠራር ከዚህ አዋጅ በኋላ ለአከራዩ ራሱ አደገኛ ሆኗል። ክፍያው በባንክ ነው፣ ውሉ ወረዳ ላይ ተመዝግቧል፤ በወረቀት ያልሰፈረውን ብር ተከራይ አልከፍልም ቢል አከራዩ ምን ይዞ ይጠይቃል?

በዚህ ላይ ክርክሩ ረዘመ። በመጨረሻ በስልክ የተናገረችው አከራይዋ ናት። ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገን ሁላችንም ሰማናት፦ "የኔ ወንድም፣ እኔ እዚህ ሆኜ ዓይኔ የማያየውን ወረቀት ምን ብዬ ላምን? ያለው ነገር እንዳለ ይጻፍ። ነገ ብመለስ ምን ተብሎ እንደተሠራ አንብቤ ልረዳው።" ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀለለ።

የተፈረመው

በመስከረም 2017 የተፈረመው ውል የኪራዩን አንቀጽ እንዲህ ይላል፦ የወር ኪራዩ 12,000 ብር ነው፤ ከዚህ ውስጥ 7,000 ብር በየወሩ በአከራይዋ ስም ባለው የባንክ ሒሳብ ገቢ ይደረጋል፤ ቀሪው 5,000 ብር በአባሪው ለተዘረዘረው የማጠናቀቂያ ሥራ ወጪ ይካካሳል፤ ውሉ ተከራይ ባላጠፋው ምክንያት ከዘመኑ በፊት ቢቋረጥ አከራይ ያልተካካሰውን ቀሪ ገንዘብ ተከራይ ቤቱን በሚለቅበት ቀን ትከፍላለች። ተከራይ በራሱ ፍላጎት ቢለቅ ግን የሁለት ወር ማስታወቂያ ይሰጣል፤ ከቀሪው ግማሹን ብቻ ይጠይቃል። ይህን ግማሽ ያመጣችው ሚስቲቱ ራሷ ናት፤ "እኛ ጥለን ብንሄድ ሙሉውን ጠይቀን እሷን ማስጨነቅ አይገባንም" ብላ።

ሌላ አንድ አንቀጽ በሁለቱ ዓመታት ውስጥ ጭማሪ አይኖርም ይላል። ወንድምየው በዚህ ላይ ቅር ብሎት ነበር። ግን እናስበው፦ ተከራዮቹ 120,000 ብር ያወጡት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው፤ የሚመለስላቸው በሁለት ዓመት ተቆራርጦ፣ ያለ ወለድ ነው። በብሩ የመግዛት አቅም መዳከም ምክንያት በ24ኛው ወር የሚካካሰው 5,000 ብር በመጀመሪያው ወር ከነበረው ያነሰ ነው። ጭማሪ አለመኖሩ ለዚያ መልስ ነው። ፍትሐዊ ነበር፤ ዛሬም እንደዚያ አምናለሁ።

ጊዜው ራሱ አንድ ነገር አስተምሮናል። ውሉ የተፈረመው ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ብዙም ሳይቆይ ነው። ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፎ ነበር፤ የሴራሚክና የመታጠቢያ ቤት ዕቃ ዋጋም በየጊዜው ይለዋወጥ ነበር። ስለዚህ ዕቃው በፊርማው ማግስት ተገዛ። አባሪው ላይ የሰፈረውም ግምቱ ሳይሆን ደረሰኙ ነው፤ ተጨማሪ ወጪ ከመጣ በአከራይዋ የጽሑፍ ፈቃድ ብቻ እንዲካካስ ተጻፈ። በአንጻሩ ይኸው የምንዛሪ ለውጥ ለአከራይዋ ጠቅሟታል። ደሞዟ በድርሃም ነው፣ ብድሯ በብር። የምትልከው ያው ድርሃም ከቀድሞው የበለጠ ብር ሆኖ ስለሚደርስ፣ በየወሩ 7,000 ብር ብቻ መግባቱ አላስጨነቃትም። በብር ደሞዝ የምትኖር አከራይ ብትሆን ኖሮ ይህ ውል ይህን ያህል ትዕግሥት ያገኝ ነበር ብዬ አላስብም፤ ሌላ ሰው ይህን አካሄድ ሲወስድ የአከራዩ ገቢ ከየት እንደሚመጣ ማሰብ አለበት።

ውክልናውና ምዝገባው

ወንድምየው የያዘው አጠቃላይ ውክልና ነበር። በእሱ ማከራየት ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ ተከራዮቹን አስጨንቋቸው ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለዚህ ግልጽ መልስ አለው። በቁጥር 2203 መሠረት በአጠቃላይ አነጋገር የተሰጠ ውክልና የአስተዳደር ሥራ ለመሥራት ሥልጣን ይሰጣል፤ ቁጥር 2204 ደግሞ ከሦስት ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ማከራየትን ከአስተዳደር ሥራዎች ይቆጥረዋል። የሁለት ዓመት ውል እዚያ ውስጥ ይገባል። ቢሆንም ክፍያው ወደ ወኪሉ ሒሳብ እንዳይሄድ አሳስቤያለሁ። ወንድሟ ስለማይታመን አይደለም። ብሩ በቀጥታ በእሷ ሒሳብ ከገባ ተከራዩ መክፈሉን፣ እሷም መቀበሏን ሦስተኛ ሰው ሳይጠየቅ ባንኩ ይመሰክራል። ወንድምየውንም ከሐሜት ያድነዋል። ገንዘብ በወንድም እጅ አልፎ እህትና ወንድም የተኳረፉበት ቤት ስንቱን አይተናል።

ወረዳ ላይ ሲመዘገብ የቤቱ ካርታ ገና ስላልወጣ የርክክብ ሰነዱ፣ ከአስተዳደሩ ጋር የተደረገው የሽያጭ ውልና ውክልናው ቀረቡ። ባለሙያዋ አንድ ጥሩ ጥያቄ ጠየቀች፦ "ይህ 120,000 ብር ቅድሚያ ክፍያ አይደለም ወይ? ሕጉ ከሁለት ወር በላይ ይከለክላል።" ተዘጋጅተንበት ነበር። ለአከራይ በእጅም በባንክም የተሰጠ ገንዘብ የለም፤ ለዕቃ ሻጭና ለሠራተኛ የተከፈለ ነው፤ ደረሰኙ በአባሪው ተያይዟል። በቅድሚያ የተከፈለው የሁለት ወር የባንክ ክፍያ፣ 14,000 ብር ብቻ ነው። ተቀበለችው። እኔም ልዩነቱ እውነተኛ ነው እላለሁ፤ ግን መስመሩ ቀጭን ነው። "ለፊኒሺንግ" ተብሎ ጥሬ ብር ለአከራይ የሚሰጥበት ስምምነት ስሙ ምንም ቢሆን ቅድሚያ ክፍያ ነው፤ ተከራይም እንዲህ ያለውን እሺ ማለት የለበትም።

በዚያው ቀን ቤቱ በፎቶ ተነሳ፤ ባዶው ወለል፣ በር የሌላቸው ክፍሎች፣ መስኮቱ ላይ የነበረ አንድ ስንጥቅ መስተዋት። ፎቶዎቹ ታትመው ሁለቱ ወገኖች ፈረሙባቸው። አሮጌ ቤት ሲሆን ሰው የተሰበረውን ያስመዘግባል፤ አዲስ ቤት ሲሆን "ምን ሊበላሽ ነው" ብሎ ያልፈዋል።

ሥራው

ስለ ሴራሚኩና ስለ በሩ ብዙ የሚባል የለም፤ በወጉ አለቀ። ኤሌክትሪኩ ግን ይነገር። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ ከ14 እስከ 18 አምፔር መሆኑ ነው። ወጥ ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሶኬቶች የተዘረጉት ለማቀዝቀዣና ለትንንሽ ዕቃ በሚሆን ሽቦ ነው። ኤሌክትሪሺያኑ ለምጣዱ ብቻ ወፍራም ሽቦ ከራሱ ብሬከር ጋር ለብቻው ዘረጋ። አዲስ ቤት ገብተው በመጀመሪያው ሳምንት ሶኬት ያቃጠሉ ጎረቤቶች ስለነበሩ፣ ከ120,000 ብሩ ውስጥ በጣም የተገባው ይህ 12,000 ይመስለኛል።

ቀለም ቀቢው የጀርባውን መኝታ ቤት ግድግዳ በእጁ ዳብሶ "ይህን አሁን አልቀባም" አለ። ልስኑ ውስጥ ገና እርጥበት ነበር፤ ክረምቱንም ያ ግድግዳ ነበር ዝናብ የመታው። ስቱኮ በእርጥብ ግድግዳ ላይ ከተሠራ ይነፋል፣ ከዚያ ይላጣል። ያ ክፍል መስኮቱ ተከፍቶ ወር ያህል ከቆየ በኋላ ተቀባ። በሚቀጥለው ክረምት ከመስኮቱ ጥግ ላይ ትንሽ ብቻ ተላጠ።

የሦስተኛ ፎቅ ጣሪያ

በመጀመሪያው ዓመት አጋማሽ ሦስተኛ ፎቅ ያለች ጎረቤት የመታጠቢያ ቤቷ ጣሪያ ላይ እርጥበት አየች። ወደ ላይ ወጥታ "እናንተ ናችሁ" አለች። ትክክል ነበረች፤ ውኃው የሚወርደው ከእነሱ ቤት ነው። ጥያቄው ማን ይከፍላል የሚለው ነበር።

እዚህ ላይ ሦስት የተለያዩ መልሶች አሉ፤ የትኛው እንደሚሠራ የሚወስነው ውኃው የወጣበት ቦታ ነው። ተከራዩ ያስገጠመው የሻወር መገጣጠሚያ ከሆነ የሚከፍለው ተከራዩ ነው። ቤቱ ሲሠራ ጀምሮ የነበረ የውስጥ ቧንቧ ከሆነ አከራይዋ ናት። ከላይ እስከ ታች ሁሉንም ቤት የሚያገለግለው ቋሚ ቱቦ ከሆነ ደግሞ የጋራ ሀብት ነው። የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የቤት ባለቤቶች ማኅበር አቋቁመው የጋራ የሆነውን አብረው እንዲያስተዳድሩ ያዛል። በዚያ ብሎክ ማኅበሩ ገና አልተቋቋመም ነበር፤ ያለው የጥበቃ ገንዘብ የሚሰበስብ ጊዜያዊ ኮሚቴ ነው። ከባለቤቶቹ ብዙዎቹ እዚያ አይኖሩም፤ ስልካቸውን እንኳ ኮሚቴው ሁሉንም አያውቅም። አዲስ ኮንዶሚኒየም የሚከራይ ሰው ከቤቱ ይልቅ በዚህ ይቸገራል። ደረጃው፣ ቱቦው፣ የውኃ ማጠራቀሚያው፣ ለድግስና ለኀዘን የተሠራው የጋራ ቤት፣ ሁሉም ባለቤት አላቸው፣ ግን የሚጠራቸው የለም።

ሴራሚኩ በጥንቃቄ ተነሳና ታየ። ውኃው የሚፈሰው የቤቱ ፍሳሽ ከቋሚው ቱቦ ጋር የሚገናኝበት አንገት ላይ ነበር፤ ማለትም በሦስቱ መልሶች መካከል። ኮሚቴው ሽማግሌ ሆኖ ገባ። ቱቦውን ለመጠገን ከጥበቃው ገንዘብ ላይ ግማሽ፣ ከአከራይዋ ግማሽ ወጣ። የተነሳውን ሴራሚክ መልሶ የመለጠፉን የእጅ ዋጋ ተከራዮቹ ሸፈኑ፤ የጎረቤቷን ጣሪያ የቀባው ባልየው ራሱ ነው። አከራይዋ ስትከፍል ያለ ክርክር የከፈለችው ከባዶው ቤት ፎቶ ላይ ቧንቧው ቀድሞም እንደነበረ ስላየች ነው።

የሁለተኛው ዓመት ጥያቄ

መስከረም 2018 ላይ ወንድምየው መጣ። ጎን ያለው ብሎክ ላይ ተመሳሳይ ቤት በ18,000 መከራየቱን ሰምቷል። "እኔ ውሉን ላፍርስ አላልኩም፤ ግን ዘመኑን እዩት፣ ትንሽ አስቡልን" አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ የመጣውም ቡና ይዞ ነው። ከመጥፎ አከራይ ይልቅ እንዲህ ያለ ጥያቄ ለተከራይ ይከብዳል፤ እምቢ ሲሉት ባለጌ ያስመስላል።

ተከራዮቹ መልስ ከመስጠታቸው በፊት ወረቀት አወጡ። ከመካካሻው 60,000 ተከፍሏል፣ 60,000 ይቀራል። ሚስቲቱ ያለችው ይህን ነው፦ "ወንድሜ፣ ጎረቤት 18,000 የሚከፍለው ያለቀ ቤት ገብቶ ነው። እኛ ገንዘባችን እስካሁን ግማሹ በእናንተ ቤት ውስጥ ነው። እሱን መልሱልንና ስለ ጭማሪ እንነጋገር።" በፈረሙት ውል መሠረት በሁለቱ ዓመታት ውስጥ ጭማሪ ማድረግ እንደማይቻል እሷም እሱም ያውቁ ነበር፤ ግን አንቀጹን አልጠቀሰችም። ቁጥሩ በቂ ነበር። ወንድምየው ሒሳቡን ራሱ ደመረ፣ ለእህቱ ደወለ፣ ጉዳዩ በዚያው ቆመ። የ7,000 ብሩ የመጀመሪያ ረቂቅ ተፈርሞ ቢሆን ኖሮ ግን ይህ ንግግር በምን ላይ ይቆም ነበር? "አድሶ ይጠቀማል" በምትለው ሐረግ ላይ?

በዚያው የስልክ ጥሪ ስለ ሦስተኛው ዓመትም ተነጋገሩ። አከራይዋ ለመመለስ ገና አልወሰነችም፤ ተከራዮቹም ልጃቸውን እዚያው ሰፈር ትምህርት ቤት አስገብተዋል። በተስማሙት መሠረት መካካሻው ሲያልቅ፣ ከመስከረም 2019 ጀምሮ 12,000 ብሩ ሙሉ በሙሉ በባንክ ይገባል፤ ጭማሪ የሚኖረው ተቆጣጣሪው አካል ባሳወቀው መቶኛ ልክ፣ በ12,000 ላይ ተሰልቶ ነው፤ አዲሱ ውል እንደ መጀመሪያው ወረዳ ይመዘገባል። ለአዲሱ ውል የተዘጋጀው አባሪም ተጽፏል። ሴራሚኩ፣ በሮቹ፣ የመታጠቢያ ቤቱ ዕቃና የምጣዱ መስመር የቤቱ ናቸው። ተከራዮቹ በራሳቸው ወጪ ያስገቡት የውኃ ሮቶ፣ የመኝታ ቤቶቹ ምንጣፍና የመጋረጃ ዘንጎች ሲለቁ ይዘዋቸው ይሄዳሉ።